ሲስተርን ጠይቁ፦ «ደረቴን አያመኝም፣ ድካም ብቻ ነው»

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ሲያልቅባት ግን «ገበያው ይለፍና» እያለች ሳምንትም ትቆያለች።

ከወር ወዲህ ድካም ድካም ይላት ነበር። ሌሊትም እንቅልፍ እምቢ አላት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ገበያው ደርቶ ሳለ ድንገት ላብ አጠመቃት። አስመለሳት። ትከሻዋና መንጋጋዋ ከበዳት። አጠገቧ ያሉት ነጋዴዎች «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቷት። ማታ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። «ደረትሽን ያምሻል?» ሲሏት «አያመኝም» አለች። ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል ታዘዘላት።

አሁን ደህና ነኝ ትላለች። ግን ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ቁጭ ትላለች። አባቴ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል። እኔ የልብ ይሆን እንዴ ብዬ ሰጋሁ። ወንድሜ «ሃርት አታክ እኮ የወንድ በሽታ ነው» ብሎ ዝም አሰኘኝ። እውነት ነው?

ልጃቸው፣ ከሄርማታ

መልስ

የኔ ልጅ፣ ስልክሽን ስለጻፍሽልኝ መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅሁም። ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ደወልኩልሽ፤ በዚያው ቀን እናትሽን ሆስፒታል ወሰድሻቸው። እናትሽም አንቺም እንድጽፈው ፈቅዳችሁልኛልና ውጤቱን ለአንባቢዎች ልናገር። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ተነሱ። የልብ ጡንቻቸው መጎዳቱ ታየ። በደም ምርመራም ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐሙስ ዕለት ገበያ መሃል የደረሰባቸው ሃርት አታክ ነበር። አሁን ቤት ገብተዋል፣ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፣ ክትትል ላይ ናቸው። አንቺ «ሰጋሁ» ብለሽ ባትጽፊ ኖሮ ዛሬም ኦሜፕራዞሉን እየዋጡ ገበያ ይውሉ ነበር።

ስለ ትሮፖኒን አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ከጉዳቱ በኋላ ሳምንትና ከዚያም በላይ በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ቀኑ አልፏል፣ አሁን ቢመረመሩ ምን ዋጋ አለው» ብላችሁ የምትቀሩ፣ እባካችሁ አትቅሩ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ያለውን ከየትም አላመጣውም፤ ሁላችንም ስንባል የኖርነው ነው። ወንዶች በዕድሜ ቀድመው ይታመማሉ። ኢንተርሃርት የተባለው በ52 አገሮች የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ፣ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሃርት አታክ የሚያገኛቸው በአማካይ ከወንዶች 9 ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። ዘገየ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። ሴቷ ካረጠች በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ስኳር ካለባት ደግሞ በዕድሜዋ ምክንያት የነበራት ጥቅም አብዛኛው ይጠፋል። እናትሽ ላይ ዕድሜ፣ ስኳርና ግፊት ሦስቱም ተደራርበዋል።

ሌላም አለ። ሕክምናው ራሱ ለረጅም ጊዜ የተማረው ከወንድ ሰውነት ነው። አስፕሪን ሃርት አታክን እንደሚከላከል ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ የታተመው ዝነኛ የአሜሪካ ጥናት 22,071 ሐኪሞች ነበሩበት። ከእነዚህ ውስጥ አንድም ሴት አልነበረችም። እኛ አገር ደግሞ «የልብ ሕመምተኛ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው በልጅነቷ ቶንሲል ደጋግሞ ይዟት የልብ በሯ የተበላሸ ወጣት ናት። እሷም አለች፣ ብዙም ናት። የእናትሽ ሕመም ግን ሌላ ነው። ልብ ራሱ የሚመገብባቸው ደም ስሮች አሉት። በእነዚህ ግድግዳ ላይ ስብ ይጋገራል። የተጋገረው ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ በታች ያለው ጡንቻ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። ሴቶች ላይ ትልቁ ደም ስር ክፍት ሆኖ ሳለ ትንንሾቹ ተኮማትረው፣ ወይም የደም ስሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ ይኸው ጉዳት የሚደርስበት ጊዜ ከወንዶች ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ምልክቱ። «ሴቶችን ደረታቸውን አያማቸውም» የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል፤ ይህም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ቪርጎ የተባለ የአሜሪካ ጥናት ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ55 ያልበለጠ 2,009 ሴቶችንና 976 ወንዶችን ጠይቋል። የደረት ሕመም ወይም ጫና ነበረኝ ያሉት ከሴቶቹ 87 በመቶ፣ ከወንዶቹ 89.5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ሴቶቹ ግን ከደረቱ ጋር ሌላም ሌላም ይደራረብባቸዋል፦ ማጥወልወል፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጀርባ፣ የአንገት፣ የመንጋጋ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት። ሲናገሩም ከዚህ ሁሉ ጨጓራውን ያስቀድማሉ። ሰሚውም ጨጓራውን ይዞ ይቀራል። በዚሁ ጥናት፣ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ለምልክቱ ሐኪም ዘንድ ከሄዱት ሴቶች 53 በመቶው «የልብ አይመስልም» ተብለው ነበር። ወንዶቹ ላይ 37 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል። ሴቶቹ ዝም አላሉም። ሄደዋል፣ ተናግረዋል።

እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ የልብን ሕመም ስሜት የሚያደርሰውንም ነርቭ ጭምር። ስለዚህ ደረታቸው ምንም ሳይላቸው ድካሙ፣ ላቡና ትንፋሽ ማጠሩ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ቀድሞ የነበረባቸው ድካምና እንቅልፍ ማጣትም ዝም ብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ሃርት አታክ የያዛቸውን 515 ሴቶች ከዚያ በፊት ምን ይሰማችሁ ነበር ብሎ ጠይቋል። 71 በመቶ ያህሉ ያልተለመደ ድካም፣ ግማሽ የሚጠጉት የእንቅልፍ መዛባት ነበረብን ብለዋል። ያልተለመደ የሚለው ላይ ይሰመርበት። ማን የማይደክም አለ? ትናንት ያለ ችግር የወጣችውን ዳገት ዛሬ ቆም እያለች የምትወጣ ሴት፣ የተሸከመችው እቃ ሳይጨመር ትንፋሿ የሚያጥር ሴት፣ እሷን ነው የምለው።

ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው አንዲት ከሰቃ የመጡ እናት አይረሱኝም። ካርዳቸው ላይ «የሆድ ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። ወረፋ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው አንገታቸው ሥር በላብ ርሷል፤ ቀኑ ግን ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። «ደረትዎን ያምዎታል?» አልኳቸው። «አያመኝም ልጄ» አሉ። ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ተጨብጦ ደረታቸው መሃል ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ «እጅዎን ያስቀመጡበት ቦታ ምን ይሰማዎታል?» ስላቸው «ድንጋይ የተጫነኝ ይመስለኛል። ሕመም ግን አይደለም» አሉኝ። ወዲያው ኢሲጂ አነሳናቸው። ልባቸው ነበር።

እናቶቻችን ምጥን ችለው ስላሳለፉ ከዚያ ያነሰውን ሕመም ብለው አይጠሩትም። ስለዚህ አጠያየቃችንን እንለውጥ። «ያምሻል?» አንበል። «ደረትሽ ላይ ምን ይሰማሻል? ይከብድሻል? ያጨንቅሻል? ያቃጥልሻል? ስትሄጂ ብሶ ስታርፊ ይተዋል?» እንበል። ሥራ ላይ የሚመጣና ዕረፍት ላይ የሚለቅ ከሆነ፣ ከምግብ ጋር ካልተያያዘ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ካጀበው፣ ልብን መጠርጠር ግድ ነው። ኦሜፕራዞል ወይም ተልባ አሻለኝ ማለት የልብ አይደለም ማለት አይደለም። ጨጓራውን ከልቡ ቤት ቁጭ ብሎ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም አልለይም።

ሆስፒታል ስትደርሱ «ጨጓራዋን አሟት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «58 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለባት፣ በዚህ ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃት፣ አስመለሳት፣ መንጋጋዋን ከበዳት፣ ልቧ እንዳይሆን ሰግተናል፣ ኢሲጂ ይነሳላት።» የጀመረበትን ሰዓት መናገር ብዙ ነገር ይወስናል። በዓለም አቀፍ መመሪያ ልብ የተጠረጠረ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ሊነሳ ይገባዋል። መጀመሪያ የተነሳው ደህና ቢሆንና ምልክቱ ካልተወ እንደገና ይነሳል፤ ትሮፖኒኑም ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ባለሙያው ቢቆጣም ጠይቂ። ሰው በዝቶበት፣ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ እናትሽ ግን አንድ ናቸው።

አባትሽን ደግሞ አንድ ነገር አደራ በይልኝ። የመድኃኒቱን ነገር እሳቸው ይያዙት። የስኳርና የግፊት ኪኒን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። የጤና መድን ካርዳችሁንም ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ። በርበሬ በምትደልዙበት፣ በምትቆሉበት ቤት መስኮት ይከፈት፤ የማገዶ ጭስ ለሳንባ ብቻ ሳይሆን ለልብም ጠላት ነው።

ጥያቄ

የቡና ነጋዴ ነኝ፣ ከአጋሮ። ባለቤቴ 49 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት። እናቷም ታላቅ እህቷም በድንገት ነው ያረፉት። ሌሊት አንድ ነገር ብትሆን ምን ላድርግ? አንዱ አስፕሪን ስጣት ይለኛል፣ ሌላው ጨጓራ ይበሳል ይላል።

መልስ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የብዙ ባል ጥያቄ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

እስኪነጋ አይጠብቁ። የልብ ጡንቻ ደሙ ከተቋረጠበት በግማሽ ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት የሚጎዳውን ያበዛዋል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ስር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው። ይበልጥ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «በቀጥታ አዲስ አበባ እንውሰዳት» የሚል ዘመድ ካለ አይስሙት። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ይያት፣ ከዚያ ሪፈር ካስፈለገ ሐኪሙ ይጽፋል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ይደውሉ። ቶሎ የማይደርስ ከሆነ ባገኙት መኪና ይሂዱ። እሷ ግን እስከ አስፋልት በእግሯ አትሂድ፣ ደረጃም አትውጣ። መቀመጥ ከተመቻት ትቀመጥ፣ ጀርባዋን ደግፏት። ኮረሪማውንም ዝንጅብሉንም ይተዉት፤ ጊዜ ከማባከን በቀር አይጠቅምም።

አስፕሪኑን በተመለከተ የነገሩዎት ሁለቱም ሰዎች ከፊል እውነት ይዘዋል። ሃርት አታክ ሲጠረጠር 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ ወይም ባለ 81 ሚሊ ግራሙን አራት ፍሬ፣ አኝካ ትዋጥ። ማኘኩ ቶሎ እንዲሠራ ነው። ለአስፕሪን አለርጂ ካላት፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስል ካለባት፣ ደም ካስመለሳት ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አይስጧት። አፏ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎኗ ከሰነፈም አይስጧት፤ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ይህ የአንድ ጊዜ ነገር ነው። በየቀኑ ይውሰዱ አይውሰዱ የሚለውን ሐኪም ይወስናል። ዛሬውኑ ፋርማሲ ሄደው ይግዙና አልጋው አጠገብ ያስቀምጡ።

ከዚህ በታች ያለውን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ራሷን ስታ ከወደቀችና ካልተነፈሰች፣ በጀርባዋ ጠንካራ ወለል ላይ ያስተኟት። ሁለት እጅዎን ደራርበው ደረቷ መሃል፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል ባለው አጥንት ላይ ያድርጉ። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ ይጫኑ፣ ይልቀቁ፣ ይጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክምዎ ሌላ ሰው ይተካዎት። እርዳታ እስኪደርስ አያቁሙ። አሜሪካ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ልባቸው ቆሞ ከወደቁት መካከል ይህ እርዳታ የተደረገላቸው ወንዶች 45 በመቶ፣ ሴቶች 39 በመቶ መሆናቸውን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ተናግሯል። የሴት ደረት መንካት እዚያም ሳያሳፍር አልቀረም። እኛ ጋር ደግሞ ይባስ! ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴት ስትወድቅ ሰዉ ነጠላ ሲያለብስ፣ ውሃ ሲረጭ፣ ክብሪት ሲያሸት ደቂቃው ያልቃል። ነፍስ ለማዳን ደረቷን መጫን ነውር የለበትም። ለቡና ማኅበርተኞችዎም ይንገሩልኝ።

የእናቷና የእህቷ በድንገት ማረፍ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በስንት ዓመታቸው እንዳረፉ ያጣሩ። ለሐኪሟ ይንገሩ። ስኳሯን፣ ኮሌስትሮሏን፣ ግፊቷን ታስለካ፤ ኢሲጂም ትነሳ።

ጥያቄ

33 ዓመቴ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስወልድ ግፊቴ በጣም ከፍ ብሎ መርፌ ተደርጎልኛል። አሁን ወርዷል ተብያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ለልብ ያጋልጣል አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ?

መልስ

ጓደኛሽ ልክ ናት። በእርግዝና ጊዜ እንዲህ ያለ ግፊት የደረሰባት ሴት በኋለኛው ዕድሜዋ የልብ ሕመም የሚያገኛት ዕድል ካልደረሰባት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። በእርግዝና የመጣ ስኳርም ያጋልጣል። ለዛሬ የሚያስደነግጥሽ አይደለም፤ ነገር ግን ቢያንስ በዓመት አንዴ ግፊትሽን ተለኪ፣ የትም ብትታከሚ ይህን ታሪክሽን ቀድመሽ ንገሪ። ማንም ካልጠየቀሽም ንገሪ።

የወሊድ መከላከያ ስትመርጪም ተናገሪው። ግፊት ላለባት ሴት ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል አይመከርም፤ ሌሎች ብዙ አማራጮች አሉ።

ለሌሎች አራሶችም ልናገር። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ደረቷን የከበዳት፣ በጀርባዋ ስትተኛ የሚያፍናት፣ ትራስ ደራርባ የምታድር፣ እግሯ የሚያብጥ ሴት «አራስ ናት፣ ብርድ ገብቷት ነው» ተብላ ገንፎና አጥሚት ብቻ እየተሰጣት መቆየት የለባትም። በዚህ ጊዜ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት ሕመም አለ። አልፎ አልፎም የልብ ደም ስር ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ይህ ስብ የሌለባትን፣ ቀጭኗን፣ ጤነኛዋን ወጣት ሴት ይይዛል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ እባክዎ ስሜ አይውጣ። 41 ዓመቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር ጫት እቅማለሁ። አንዳንዴ ልቤ በኃይል ይመታል፣ ደረቴንም ጨመድ ያደርገኛል። ቤተሰቤ መቃሜን ስለማያውቅ ሐኪም ጋ ለመሄድ ፈራሁ።

መልስ

እህቴ፣ ስምሽ አይወጣም። ፍርሃትሽም ይገባኛል። ጅማ ላይ ወንዱ በአደባባይ ይቅማል፣ ሴቷ ጓዳ ገብታ። ሐኪም ጋ የሚቀርበው ግን የሁለቱም ልብ ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የልብን ደም ስር ሊያኮማትር ይችላል። በየመን የተሠሩ ጥናቶች አዘውትሮ መቃምን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ሲጋራ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። የምክሬን ቁርጥ ልንገርሽ፦ ደረትሽ ጨምድዶሻልና እስክትመረመሪ ድረስ አትቃሚ።

በዚህ ሳምንት ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፣ ኢሲጂ ተነሺ። ብቻሽን ግቢ፤ አብሮሽ የመጣ ካለ ውጭ ይጠብቅሽ። ለባለሙያው መቃምሽን፣ በቀን ምን ያህልና መጨረሻ መቼ እንደቃምሽ ንገሪ። የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታው ነው፤ ለሕክምናውም ይህን ማወቅ አለበት። እየቃምሽ ሳለ ወይም ማታ ደረትሽ ዳግመኛ ከጨመደሽና ላብ፣ ማጥወልወል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ወተት ጠጥተሽ እንዳትተኚ። ከጎረቤቶችሽ አንዷን ቀስቅሺና በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።